ሳይነኩ መያዝ

ከዚራ ዛፎቹን በጨለማ አጥፎ፣
የመጨረሻው ባጃጅ በለገሃሬ አልፎ፣
ቬንትሌተር ሲያዞር የቀኑን ትኩሳት፣
ስክሪኔ ላይ አለ የማይጨበጥ እሳት፤
መቶ ሚሊዮን ዲግሪ፣ በቁጥር፣ በቀለም፣
እጄን ባስጠጋበት የሚለበልብ የለም።

ከጎኔ ቁጭ ብሏል ጋሽ ዩስሪ በያጁ፣
ብልጭታ ነካክሶት ጠቃጠቆ እጁ።
አንተ እለዋለሁ ከነነጭ ፀጉሩ፣
«እርስዎ» ካፖርት ነው ለዚህ ለሐሩሩ።
ኪራይ ሊቀበል ነው የመጣው ለነገሩ።

«ምንድን ነው?» ይለኛል ስክሪኑን ጠቁሞ፣
«ቦምቦሊኖ ነው ወይ፣ በሐምራዊ ታትሞ?»

«ፕላዝማ ነው» አልኩት። «ጋዝ ነበረ ድሮ፤
ሲግል ግን አቶሙ ልብሱን አሽቀንጥሮ
ራቁቱን ይሮጣል። ሁለት ሲላተሙ
ፀሐይ ይወልዳሉ፣ አንድ ላይ ሲከትሙ።»

«ድስቱስ?» አለ፣ «ማን ነው የቻለው ይህን ጉድ?»
«ድስት የለም። ከነካው ብረቱም ሊነድ፣
እሳቱም ሊከስም። ማግኔት ነው አጥሩ፤
ሳይነኩ መያዝ ነው የሥራው ምሥጢሩ።»

ዝም አለ። ስንጥሩን በጥርሱ አዟዟረ፤
ከዚያ፣ ለኔ ሳይሆን፣ ለእጁ ተናገረ፦
«አቦ፣ እኔ አውቀዋለሁ ይሄን የእሳት ሽሽት!
ወፍራም ላሜራ ስበይድ፣ ጥግ ላይ፣ ምሽት ምሽት፣
ኤሌክትሮዱን ቀጥ አርጌ፣ እጄ ሳይንቀጠቀጥ፣
እሳቱ ወደ ጎን ዘመም፣ ሲያፈነግጥ።
ንፋስ ነው ብለን ዘጋን፤ ንፋስ የለም ለካ።
አንድ ቀን እሳቱን ጨርሶ ሳልነካ
‹ማስ› የምንላትን መንከሻ ከዳሩ
ነቅዬ ወዲህ ባደርጋት — ገባ በመስመሩ።»

አፌን ይዤ ቀረሁ። ስንት ሌሊት ሙሉ
ቀመር ስገላብጥ፣ ዓይኖቼ ሲቀሉ፣
ዝገት የበላት ያቺ የባቡር ጋራዥ መንከሻ
ቀድማኝ ደርሳ ኖሯል ከነገሩ መነሻ።

«ስንት ዓመት ቀራችሁ?»
                    «ሠላሳ ይላሉ።»
«ከሠላሳ ዓመት በፊትስ?»
                    «ያኔም ሠላሳ አሉ።»
ሳቁ ወንበሩን አንቀጫቀጨው። «የጅቡቲ ባቡር ነዋ!
‹ነገ ይገባል› ሲሉን ስንት ሌሊት ተኛን፣ ጣቢያው ደጅ አሸዋ!»

ከዚያ ሳቁ ቆመ።
«ሲያመልጣችሁስ?» አለ።

«ያመልጣል፣ አንዳንዴ። ዝም ብሎ ሲዞር ቆይቶ፣
ጠርዙ ላይ አንዲት ሞገድ፣ ምንም የማትመስል፣
ትነሳለች። ከዚያ ዓይን ለመጨፈን እንኳ ጊዜ የለም፤
ግድግዳው ላይ ነው።»

በመስኮቱ ደቻቱን አየ፦ ደረቅ አሸዋ፣ የተኙ ፍየሎች፣
ዳር ዳሩን ግንቡ፣ ዘግይቶ የተገነባው።
ያን ሌሊት እዚህ ጠብታ አልጣለም ነበር፤
ዝናቡ ደንገጎ ላይ፣ መብረቁ ሩቅ፣ እንደ ሌላ ሰው ብየዳ።
እሱ ጋራዥ፣ ሩማና ከስፌት መኪናዋ ጋር ቤት።
ያገኘው የመኪናዋን ፔዳል ነው።
«ደቻቱም እንዲህ ናት» አለ። ሌላ አልጨመረም።

መብራት ጠፋ።
አራት መቶ ሺህኛው እርምጃ ላይ የነበረች ፀሐዬ
ምንም ሳትነካ ጠፋች።
ቬንትሌተሩ በቀረችው ጉልበት ጥቂት ዞሮ ተወ።
ጨለማው ውስጥ ውሻ፣ የጎረቤት ጄኔሬተር፣ የዩስሪ ትንፋሽ።
«አሁን ከየት ትጀምሪያለሽ?»
«ከዜሮ።»
«ኪራዩ ይቆይ» አለ።

ተመልሶ መጣ። ጣሪያው ላይ ያ ነጭ ቱቦ፣
ጫፍና ጫፉ የጠቆረው፣ መንተባተብ ጀመረ፤
ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ፣
ልብሴን ላውልቅ፣ አላውልቅ እያለ።
ጋሽ ዩስሪ ጫማውን አውልቆ ወንበሩ ላይ ወጣ፣
ስታርተሩን በሁለት ጣቱ ሩብ ዙር አዞረው፣
እጁንም መለሰ።

ያዘ።